አንድ እፍኝ ቴሬድ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከቂርያት ጋት ዳር፣
በማሸጊያው ቤት፣ ከውሃው ጋር፣ ከበረዶው ጋር፣
ቅጠል ስገለብጥ፣ ትል ስፈልግ ኖሬ፣
አንዱን እንኳ ቀምሼ አላውቅም እስከ ዛሬ።

እዚህ ስሙ ቴሬድ ነው። ድሮ፣ ኡልፓን ሳለሁ፣
ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደል ተጽፎ አየሁ።
መምህርቷ «ቅጠል» ስትል፣ እኔ «ትወርዳለች» አልኩ፤
ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።
ግን ፊደሉ አንድ ነው፤ ማንም አልተሳሳተ፤
ይኸው ዛሬ ድስቴ ውስጥ ትርጉሙ ተከፈተ።

ማታ ሻቩዖት ይገባል። ሥጋ ዞር ይላል፣ ወተት ይነግሣል።
ባለሙያዋ መርሴዴስ ናት፤ በረንዳ ለበረንዳ
(መኪናዋ አይደለችም፤ ጎረቤቴ ናት፣ የሎሚ ዕዳ
አለብኝ ለእሷ)፤ ልብስ ስታሰጣ፣ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ፣
«ሽንኩርቱ ይልሰልስ እንጂ አይጥቆር፤ ነጭ ሽንኩርት አታብዛ።
ቅጠሉን እንደ ፎጣ ጠምዝዘው፣ ያለዚያ ይንቦጨረቃል።
ከዚያ አይቡን፣ ከዚያ ክሬሙን። የቀረውን እጅህ ያውቃል።»

የእኔ እጅ ምን ያውቃል? መመዘን፣ ማሸግ፣ መቁጠር።
ዛሬ ግን ቢላ ያዘ። ሽንኩርቱ አስለቀሰኝ፤ ደግነቱ ሰው አልነበር።

ሦስት ከረጢት ቅጠል (ምናልባት እኔው ያሸግኩት)
ድስቱ ላይ ገለበጥኩት።
ተራራ ሆኖ ቆመ፤
ክዳኑ አናቱ ላይ እንደ ባርኔጣ አዘመመ።
ሁለት ደቂቃ ቆይቼ ብከፍተው፣ ተራራው የለም፤
ከታች አንድ እፍኝ ብቻ፣ የጠቆረ አረንጓዴ ቀለም።
ትወርዳለች ብዬ አልነበር? ይኸው፣ ወረደች፤
ያን ሁሉ ቁመት ይዛ፣ ሳትሰናበት ሄደች።

እዚህ አገር መምጣት «መውጣት» ነው የሚባል፤
እኔ በወጣሁ ዕለት ግን ስንት ነገሬ ወርዷል።
ይህን ለማን አወራለሁ? ጠመዘዝኩት፣ እስኪደርቅ፤
ውሃው በክርኔ ወርዶ፣ ጫማዬ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ፍልቅ።

አይቡ ገባ። ክሬሙ ገባ። የገውዝ ፍርፋሪ በጣት።
ጭጋግ የተኛበት ማሳ መሰለ፣ በጠዋት።

እትዬ ጥሩዓለም መጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፤
ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ ዓይናቸውን አጥብበው አይተው፦
«ይሄማ ጎመን በአይብ ነው!»
«የለም እትዬ፣ ዲፕ ይባላል።»
«ማጥቀሻ በለኝ። ጎመን በአይብ ነው፤ ትንሽ ኮሌጅ በጥሷል።»

የዳቦውን ሆድ ፈልፍዬ ሞላሁት እስከ ዳር።
ልጆቼ ኖአምና ሂላ፣ የሂላም እጮኛ ኢታማር፣
ማንኪያ ማን ፈለገ! በካሮት፣ በኪያር፣
ኋላም ከራሱ ከዳቦው ግድግዳ እየቦጨቁ፣
ቤቱን ከነጣሪያው በልተው፣ አፋቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።
«ጎመን በጤና» አሉ እትዬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እያጠቀሱ፤
ወተት ለሆዳቸው አይስማማም፤ እያወቁ ረሱ።

ማንጠግቦሽ ግን ሥራ ላይ ናት፤ የአረጋውያን ቤት፣ የማታ ተራ።
ለእሷ አንድ ስኒ ደበቅሁ፣ ፍሪጁ ውስጥ፣ ከኋላ፣ ከወይራው ጋራ።

አምስት ሰዓት ላይ መጣች፤ በዓል ነው፣ አውቶቡስ የለም፤ በእግሯ።
ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ድካሙ ከትከሻዋ አልወረደም ገና።
አልተቀመጠችም። የፍሪጁን በር በወገቧ ደግፋ፣ በጣቷ ቀመሰች።
«ማን ሠራው?»
«እኔ።»
ዝም። የስኒውን ቂጥ ዞራ ዞራ ጠረገች።
«ጨው አንሶታል» አለች።
ቀጥላም
ዳቦ ተርፎ እንደሆን ጠየቀች።